የባሕር ስዕል እንዴት ነው የሚታየው (ባሕር ሳያይ ላደገ ሰው)

ደብረ ብርሃን እኛ ቤት ሳሎን ከሶፋው በላይ አንድ ፖስተር ነበረ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ አንድ የተንጋደደ ዘንባባ። ውጪ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ግድግዳችን ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ በጋ ነው። እናቴ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ባሕር ማለት በቃ ያ ነው ብዬ ነው ያደኩት። እና አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የገባሁ ቀን (ለጥበብ ፍቅር ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ ዝናብ ያዘኝ መግቢያው ደግሞ ነፃ ነው) የድሮ ሆላንዶች የሳሉትን ባሕር ሳይ ተበሳጨሁ። ግራጫ፣ ቡኒ፣ የደፈረሰ። ይሄማ ክረምት ላይ የሞላ በሬሳ ወንዝ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከዛ ወዲህ ስንቴ እንደተመለስኩ አልቆጠርኩትም። ጓደኞቼ "አንተ ግን እዛ ፍሬም ፊት ተገትረህ ምንድነው የምታየው?" ሲሉኝ በአፍ ማስረዳት ስላቃተኝ ነው ይሄን የምጽፈው። የአርት ተማሪ አይደለሁም፣ መኪና ነው የምነዳው፣ እኔን የሠራልኝን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ባሕሩን አትዩ። ማለቴ ቶሎ አትዩት። ስዕሉ ፊት ስትቆሙ "እኔ የት ነው ያለሁት?" በሉ። ሰዓሊው አንድ ቦታ አስቀምጧችኋል፣ ወይ ዳር ላይ፣ ወይ ፎቅ ላይ፣ ወይ መርከብ ላይ፣ ጭካኔ ሲያምረው ደግሞ ውሃው ውስጥ ከቷችኋል። ይሄን የሚያሳብቀው አድማሱ ነው። ሰማይና ውሃ የሚነካኩበት መስመር ከፍ ብሎ ከተሳለ ከፍ ካለ ቦታ ወደ ታች እያያችሁ ነው፣ ዝቅ ካለ ዓይናችሁ ከውሃው ብዙም አይርቅም፣ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ጉድ ፈላ ማለት ነው።

ፈረንሳዊውን ሰዓሊ ሞኔን ውሰዱ፣ 1872 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የፈረንሳይ ወደብ ለ ሃቭር ሆኖ የሳላት ያቺ ብርቱካናማ ፀሐይ ያላት ስዕል፣ «ኢምፕሬሽን፣ ፀሐይ ስትወጣ» የምትባለው። ከመስኮት ነው የሳላት፣ እናንተም አብራችሁት መስኮት ላይ ናችሁ፣ እግራችሁ ደረቅ ነው፣ ገና ከእንቅልፋችሁ ተነስታችኋል፣ ጉሙ ለማንም አልገለጠም። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም። አሁን ደግሞ አይቫዞቭስኪ ጋ ሂዱ። ይሄ ሰው ክሪሚያ ውስጥ ፌዮዶሲያ የምትባል የወደብ ከተማ 1817 የተወለደ፣ ቤተሰቦቹ አርመኖች፣ ዕድሜ ልኩን ባሕር ሲስል የኖረ፣ ወደ 6000 ስዕል ሠራ የሚባልለት ነው። «ዘጠነኛው ማዕበል» የሚለውን 1850 የሠራውን ስታዩ መሬት ፈልጉ እስቲ። የለም። መርከብም የለም፣ ከመርከቡ የተረፈው የተሰበረ ምሰሶ ነው፣ ሰዎቹ እሱ ላይ ተጣብቀዋል። ማዕበሉን ከላይ ሆናችሁ አይደለም የምታዩት፣ ቀና ብላችሁ ነው። እናንተም ውሃው ውስጥ ናችሁ ማለት ነው፣ የምትይዙት ምሰሶ ደግሞ የላችሁም።

ስልካችሁ ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ የቡና ስኒ ላይ ሳይቀር ያያችሁት የጃፓኑ ሆኩሳይ ትልቁ ማዕበል አለ አይደል፣ በ1831 አካባቢ የታተመው። እዛ ውስጥ ሦስት ጀልባ እንዳለ ስንቶቻችሁ አይታችኋል? ቀዛፊዎቹ ተደፍተው ጀልባውን አቅፈዋል፣ ጭንቅላታቸው እንደ ጠጠር ተደርድሯል። ከመሃል ራቅ ብሎ ያለው ትንሽ ነጭ ጫፍ ደግሞ ማዕበል አይደለም፣ ፉጂ ተራራ ነው። እኔ ለዓመታት ማዕበል ነው የመሰለኝ አልዋሽም። አንድ ነገር ሞክሩ፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አውርዱና በኤዲት ገብታችሁ ግራና ቀኙን ገልብጡት። የኛ ዓይን እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ስለዚህ ኦሪጅናሉን ስናይ ከማዕበሉ ጋር አብረን ነው የምንወርደው። የድሮ ጃፓንኛ ግን የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ የሱ አንባቢ ከጀልባዎቹ ጋር ገብቶ ፊት ለፊት ከማዕበሉ ጋር ይላተማል። ስትገለብጡት ለእናንተም እንደዛ ይሆናል፣ እኔ ያደረኩት ቀን ሆዴ ነው የተገለበጠው።

ተርነር የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ 1842 ላይ በበረዶ አውሎ ነፋስ ውስጥ ያለ የእንፋሎት መርከብ ብሎ ያሳየው ስዕል አለ፣ ለንደን ቴት ብሪትን ነው ያለው። አድማስ የሚባል ነገር የለውም። ሁሉ ነገር ይሽከረከራል፣ የት እንደቆማችሁ ብትፈልጉ ብትፈልጉ አታገኙም። ያኔ የሳሙና አረፋ ነው ብለው ቀልደውበታል። ራሱ ምሰሶ ላይ አስሩኝ ብዬ አራት ሰዓት ወጀብ ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት ብሎ አውርቷል፣ የዛሬ ባለሙያዎች ብዙም አያምኑትም። ታሰረም አልታሰረም፣ ስዕሉ ለእናንተ መቆሚያ አለመስጠቱ ሆን ተብሎ ነው፣ ስታዩት ቢያዞራችሁ ልክ ናችሁ።

በነገራችን ላይ ባሕር በስዕል አናውቅም ማለታችንም ትንሽ ውሸት አለበት። ቤተክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቀይ ባሕር ተከፍሎ እስራኤላውያን ሲሻገሩ፣ የፈርዖን ሠራዊት ከነፈረሱ ሲሰጥም አይተን የለ? እዛ አድማስ የለም። ውሃው ከላይ የሚታይ ይመስላል፣ ሰዎቹ ደግሞ ከጎን። የኛ ሰዓሊ "ተመልካቹ የት ይቁም" ብሎ አልተጨነቀም፣ ማን እንደዳነና ማን እንደሰጠመ ካሳየ በቃው። ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጋችሁ ብታስቡ የፈረንጆቹ ነገር የት ላይ እንደሆነ ቶሎ ይገባችኋል፣ እነሱ የሚያስጨንቃቸው የእናንተ እግር ነው።

መቆሚያችሁን ካገኛችሁ በኋላ ነፋሱን ፈልጉ። ነፋስ አይሳልም፣ የሚሳለው ነፋስ የነካው ነገር ነው። ባንዲራው ወዴት ነው የሚውለበለበው፣ ሸራው በየት በኩል ነው የተነፋው፣ ጭሱ ወዴት ተኛ፣ አረፋው ወዴት ይበተናል። ጎበዝ ሰዓሊ ጋ እነዚህ ሁሉ ይስማማሉ። ቫን ደ ቬልዴ አባትና ልጅ የሚባሉ ሆላንዶች ነበሩ፣ አባትየው ጦርነት መሃል በጀልባ ገብቶ መርከቦቹን በእርሳስ የሚነድፍ ሰው ነበር፣ ልጁ ንድፉን ወደ ቀለም ይለውጣል። በኋላ እንግሊዝ ገብተው ከ1674 ጀምሮ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ለየራሳቸው በዓመት 100 ፓውንድ ይከፍላቸው ነበር። የልጁን ስዕል ስታዩ አንድ ገመድ እንኳን ያለቦታው የለም። አማርኛችን ደግሞ እዚህ ጋ ይጠቅማል፣ ባሕር የለንም እንላለን እንጂ ቃሉስ አለን፣ ሞገድ፣ ማዕበል፣ ወጀብ። ሞገድ ዝም ብሎ የሚመላለሰው ነው፣ ማዕበል ሲቆጣ ነው፣ ወጀብ ነፋስና ዝናቡ ሲጨመርበት። ስዕል ፊት ስትቆሙ የቱ ነው ብላችሁ ለራሳችሁ ስም ስጡት። ቀላል ይመስላል ግን ሞገድ ይሁን ማዕበል ለመወሰን ብቻ አምስት ደቂቃ የቆምኩበት ስዕል አለ።

ቀለሙ ላይ ደግሞ ያንን የሳሎን ፖስተር እርሱት። ውሃ የራሱ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል፣ ከሰማይ ነው የሚበደረው፣ ሰማዩ ከደፈረሰ ይደፈርሳል። ለዚህ ነው ሆላንዶቹ ሸራቸውን ሁለት ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ለሰማይ የሚሰጡት፣ ሀገራቸው ሜዳ ነው፣ ሲወጡ ሲገቡ የሚያዩት ደመና ነው። ስለዚህ ግራጫ ባሕር ስታዩ ከመናደዳችሁ በፊት ቀና በሉና ደመናውን እዩ፣ ከዛ ተመለሱና ውሃው ላይ ያንኑ ደመና ፈልጉት።

አንድ የምወዳት ጨዋታ አለች። የሞኔዋን ፀሐይ ስልክ ላይ አውርዱና ቀለሟን አጥፍታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጓት። ፀሐይዋ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። ከዙሪያዋ ካለው ሰማይ ጋር ድምቀቷ እኩል ለማለት ይቻላል፣ ብርቱካን ስለሆነች ብቻ ነው የምትለየው። ለዚህ ነው በቀለም ስታዩዋት የምትርገበገብ የምትመስለው፣ አንዱ የዓይናችን ሥራ አለች ይላል፣ ሌላው የለችም ይላል። ይሄን ያወቅኩ ቀን ለሚስቴ ሳሳያት "እና ለዚህ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀስከኝ?" ነው ያለችው።

አሁን መጠን። ስልክ የሚዋሸው እዚህ ጋ ነው፣ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል። የሆኩሳይ ማዕበል 26 በ38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ የሻይ ትሪ ያክላል፣ በእጅ ተይዞ የሚታይ የእንጨት ህትመት ነው። የአይቫዞቭስኪ ዘጠነኛው ማዕበል ደግሞ 221 በ332። ፒተርስበርግ ሩሲያን ሙዚየም ሄዳችሁ ካላያችሁት አይገባችሁም፣ እኔም አልሄድኩም ግን ይሄን አደረኩ፣ ሜትርና የቀለም ቀቢ ቴፕ ይዤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለካሁት። የኔ አፓርትመንት ግድግዳ አልበቃውም፣ የመጨረሻው ጎን በሩ ላይ አረፈ። ከዛ ላፕቶፑ ላይ ስዕሉን ከፍቼ ቴፑ ፊት ቆምኩና የምሰሶው ሰዎች በዚህ ልክ የት ጋ እንደሚሆኑ በእጄ ለካሁ። ለአንድ ሳምንት ቴፑን አላነሳሁትም። በተለይ ትልቅ ስዕል ከወደዳችሁ ይሄን ሳታደርጉ አትለፉ፣ ወጪው የአንድ ጥቅል ቴፕ ነው።

ሙዚየም ከሄዳችሁ ደግሞ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ከክፍሉ በር ላይ እዩት፣ ከዛ ቅረቡ፣ እጃችሁን ወደኋላ አድርጉ ጥበቃው እንዳይጨነቅ፣ ከዛ ወደ ጎን ሄዳችሁ በአግድም እዩት። ከጎን ሲታይ ቀለሙ የወፈረበት ቦታ መብራቱን ይይዝና ይታያል፣ ብዙ ጊዜ አረፋው ወይ ብርሃኑ ላይ ነው። አንድ ቀን ሃያ ስዕል ከማየት አንዱ ጋ ሃያ ደቂቃ ይሻላል፣ አግዳሚ ወንበር ካለ ቁጭ በሉ። ሄዳችሁ እንዳታጡት ብቻ ስዕሉ ለእይታ መውጣቱን ዌብሳይቱ ላይ ቀድማችሁ እዩ፣ አንዳንዴ ያነሱታል።

ሰዉን የምትፈልጉት መጨረሻ ላይ ነው። ባሕር ስዕል ላይ ሰው ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ነው የሚሰጠው፣ ግን ስታገኙት ስዕሉ ይቀየራል። ቦስተን ሙዚየም ኦፍ ፋይን አርትስ ያለው የተርነር የ1840 ስዕል አለ፣ ከሩቅ ሲታይ የሚያምር ጀምበር ነው፣ ቀይ ወርቅ፣ ሳሎን የሚሰቀል። ቀረብ ስትሉ ከታች በቀኝ በኩል ከውሃው የወጣ እግር ታያላችሁ፣ ሰንሰለት አለበት። ዙሪያውን ደግሞ ዓሣና እጅ። የባሪያ መርከብ ነው፣ የታመሙትንና የሞቱትን ወደ ባሕር እየጣለ ነው። ስዕሉን ብዙዎች የሚያያይዙት ዞንግ ከምትባል መርከብ ጋር ነው፣ 1781 ላይ ከ130 በላይ ሰው ወደ ባሕር ጥለው የኢንሹራንስ ገንዘብ ጠየቁበት። ተርነር ጀምበሩን እንደዛ ያሳመረው ቀርባችሁ እንድትያዙ ይመስለኛል፣ የኔ ግምት ነው።

በዚሁ ቦስተን ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም ባዶ ፍሬም ተሰቅሏል። የሆላንዱ ሰዓሊ ሬምብራንት 1633 የሳለው በገሊላ ባሕር ላይ የተነሳው ወጀብ ነበር ውስጡ፣ እሱ ከሳላቸው ሁሉ ብቸኛው የባሕር ስዕል፣ መጋቢት 1990 በፈረንጅ ሌባ ወሰደው አልተመለሰም። ፎቶው ግን በሽ ነው፣ አውርዳችሁ ጀልባው ላይ ያሉትን ቁጠሩ። ጌታችንና 12ቱ ሐዋርያት 13 መሆን ነበረባቸው አይደል፣ 14 ናቸው። አሥራ አራተኛው በአንድ እጁ ገመድ በሌላው ባርኔጣውን ይዞ ወደ እኛ የሚያየው ነው፣ ሬምብራንት ራሱን ነው ያስገባው ይባላል። ወንጌሉን በልቤ አውቀዋለሁ እል ነበር፣ እስክቆጥር ድረስ ግን አሥራ አራተኛ ሰው እንዳለ አልጠረጠርኩም።

ኒውዮርክ ያላችሁ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብታችሁ የአሜሪካዊውን ሰዓሊ የዊንስሎው ሆሜርን «ገልፍ ስትሪም» እዩ፣ የ1899 ነው። ምሰሶዋ የተሰበረ ጀልባ፣ አንድ ጥቁር ሰው በክርኑ ተደግፎ፣ ዙሪያውን ሻርክ። ከኋላ ርቀት ላይ መርከብ አለች፣ እሱ ግን ወደዛ አያይም። ሰዎች ከዛስ ምን ሆነ እያሉ ሆሜርን ስላሰለቹት አላግጦባቸዋል። እዚሁ ዲሲ ደግሞ የሱ ሌላ ስዕል አለ፣ ከ1873 እስከ 1876 የሠራው፣ አንድ ሰውና ሦስት ልጆች ዓሣ አጥምደው በጥሩ ነፋስ ሲመለሱ፣ ጀልባዋ ወደ ጎን ጋደል ብላለች ማንም ግን አልደነገጠም። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ቤት መስቀል ከፈለጋችሁ ለማንም ብዙ ብር አትክፈሉ። ናሽናል ጋለሪና ሜትሮፖሊታን የድሮ ስዕሎቻቸውን ትልልቅ ፋይል በነፃ ነው የለቀቁት፣ አውርዳችሁ ማተሚያ ቤት ውሰዱት። ከተቻለ በእውነተኛ መጠኑ አሳትሙ፣ ካልተቻለ ትንሽ ስዕል ምረጡ። ዳርና ዳሩን ቆርጠው ለፍሬም እንዳያስተካክሉላችሁ ተናገሩ፣ የኔን አንዴ ሰማዩን ግማሽ ቆርጠው ሰጥተውኛል። ሰማዩ ከሄደ አድማሱ ቦታውን ይለቃል፣ ከዛ እናንተም የቆማችሁበትን ታጣላችሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬን እዚሁ ዲሲ ናሽናል ጋለሪ ይዤው ሄድኩ። ይሄ ልጅ ከዓመታት በፊት ጅቡቲ ገብቶ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን የተሻገረ ነው፣ ስለሱ ብዙ አያወራም፣ እኔም አልጠይቅም። ስወስደውም ትዝ አላለኝም፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሞኝ የሆላንዶቹ ክፍል አስገብቼ ባክሁይዘን የሚባለው 1667 የሳላቸው ሦስት መርከቦች ቋጥኝ ላይ ሊላተሙ ሲሉ የሚያሳየው ፊት አቆምኩት። ስለ ነፋሱ፣ ስለ አድማሱ አስረዳዋለሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና "እኔ ባሕሩን አላየሁትም" አለኝ። "ሌሊት ነው የጫኑን። ሰማሁት እንጂ አላየሁትም።"

ምን እንደምል ጠፋኝ፣ እንውጣ አልኩት፣ የለም እንይ አለ። እየዞርን ተርነር ጋ ደረስን፣ 1835 ያሳየው፣ እንግሊዝ ሰሜን ላይ ሌሊት በጨረቃ ከሰል የሚጭኑ ሠራተኞች። መሃሉን ጨረቃ ሞልታዋለች፣ ውሃው ነጭ ነው፣ በቀኝ በኩል መርከቦቹ ጋ ችቦ ይነዳል፣ ሰዎቹ ጥቋቁር ነጥብ ናቸው። እዚህ ጋ ቆመ። እኔ በዚህ ስዕል የት እንደምንቆም ጠይቄው አላውቅም ነበር፣ እሱ ነው የነገረኝ፣ "ውሃው ላይ ነን እኮ፣ እኛም ጀልባ ላይ ነን" አለ። ከዛ ጨረቃዋን ረጅም ጊዜ አየና "እንዲህ ጨረቃ ብትኖር አይጭኑንም ነበር" አለ። ጨለማ ሌሊት ነበር የሚጠብቁት።

መኪና ውስጥ ገብተን ያንን ስዕል ላክልኝ አለኝ። ላኩለት። ባለፈው ቡና ልንጠጣ ተገናኝተን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ አየሁት፣ እሱን ነው ስክሪኑ ላይ ያደረገው፣ ግን ስልኩ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ግራና ቀኙ ተቆርጧል፣ ሠራተኞቹም ችቦውም የሉም። ጨረቃዋና ውሃው ብቻ ነው የቀረው።